ሶኬቱን የነቀሉት ሊቀመንበር

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ የጁቤ የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር «የሰርቨሩ ሃርድ ዲስኮች በኤስኤስዲ ይተኩ ወይስ ባሉበት ይቀጥሉ» የሚል አጀንዳ ያዘ። እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በዙሪያው ላሉ ማኅበራትና ነጋዴዎች የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራ እሠራ ነበር። ማኅበሩ ከደንበኞቼ አንዱ ስለነበር ጉዳዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ አልፏል። ይኸው ጥያቄ ዛሬም በየወረዳው ቢሮ እየተነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚያገኘው በፕሮፎርማ ዋጋ ብቻ ነው። ያየሁትን መጻፍ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ አፋፍ ሲወረድ ትገኛለች። አሁን ላያት ሰው እህል የሚጫንባት መለስተኛ ከተማ ትምሰል እንጂ የገበያ ታሪኳ ረጅም ነው። ከአባይ ማዶ የሚሻገረው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኘው በዚሁ አካባቢ በነበረው የባሶ ገበያ ነበር። የዛሬ 180 ዓመት ገደማ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርለስ ቢክም ስለ ገበያው ጽፏል። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ ስለ ገበያው ማውራት ተገቢ አይመስለኝም። የአገሩ ሰው በሒሳብ ጉዳይ ጥንቁቅ ነው። የሰጠውንም የተቀበለውንም አይረሳም፣ ሲረሱበትም ዝም አይልም።

ማኅበሩ አባላቱ በአብዛኛው ገበሬዎች ናቸው፤ ጥቂት መምህራንና ባለሱቆችም አሉበት። ሰርቨሩ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከካዝናው አጠገብ ተቀምጧል። እያንዳንዳቸው አንድ ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ነበሩት። በሬይድ 1 የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሥራው በሌላው ይቀጥላል።

ቅሬታው የጀመረው በፍጥነት ነው። ሒሳብ ሹሟ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት። የወሩ መጨረሻ ደርሶ ወለድ ሲሰላ ወይም የገበያ ቀን ሰልፉ እስከ ግቢው በር ሲዘልቅ ትደውልልኛለች። «ወንድም ዓለም፣ ሲስተሙ እንደገና ቆሟል፤ ሰው ፀሐይ ላይ ነው ያለው» ትለኛለች። ሄጄ ሳየው ሲስተሙ አልቆመም። የደብተር ቁጥር አስገብታ ስትጫን ሒሳቡ እስኪመጣ ድረስ ሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ላይ የሥራ መቆጣጠሪያውን ስከፍት ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ነበር፤ ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ተይዟል። ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉ የዲስኩ እጅ ወዲያ ወዲህ ሲራወጥ ይሰማል።

ምክንያቱ የዲስኩ አሠራር ነው። እነዚያ ዲስኮች በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። አንድ መረጃ ለማንበብ እጁ ወደ ቦታው መሄድ አለበት፣ ይህም ስምንትና ዘጠኝ ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ አራት ሚሊሰከንድ ይጨመራል። ሲደመር አንድ ዲስክ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከተቀመጠ መረጃ በሰከንድ ሰማንያ ያህል ብቻ ማንሳት ይችላል። የሺህ አባላት ወለድ ሲሰላ፣ በዚያው ሰዓት ሦስት መስኮት ላይ ሦስት ገንዘብ ከፋዮች ሲያዙት፣ ሰማንያ ምንም አይደለም። ኤስኤስዲ የሚዞርም የሚራወጥም ነገር የለውም። መረጃው በቺፕ ላይ ስለሚቀመጥ ያንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይሠራል።

ስለዚህ ሒሳብ ሹሟ «ኤስኤስዲ ይገዛልን» ስትል አልተሳሳተችም። እኔ ግን መጀመሪያ ራም እንጨምር አልኩ። ሰርቨሩ ስምንት ጊጋባይት ራም ብቻ ነበረው፤ ወደ 32 አሳደግነው። ዋጋው ከዲስኮቹ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ሒሳብ ማየት ወዲያው ፈጠነ፣ የዳታቤዙ አብዛኛው ክፍል ራም ላይ ስለተቀመጠ ዲስኩን መጠየቅ ቀረ። ማስገባት ግን እንደነበረው ቀረ። ገንዘብ ገቢ ሆኖ «ተመዝግቧል» እስኪባል ሲስተሙ ዲስኩን ይጠብቃል፤ መጠበቅም አለበት። ራም መብራት ሲሄድ ባዶ ይሆናልና የሰው ገንዘብ እዚያ ላይ ብቻ ተቀምጦ «ተመዝግቧል» ሊባል አይገባም።

የፍጥነቱ ነገር ይህን ያህል ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፣ የማዳበሪያ ሰሞን። ገበሬው ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ገንዘብ ያወጣል፣ ትርፍ ያለውም እህል ሸጦ ያስገባል። በአንድ የገበያ ቀን ከቀትር በፊት መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መጮህ ጀመረ፤ ባትሪዎቹ አርጅተው ስለነበር ጥበቃው ጄነሬተሩን እስኪያስነሳ እንኳ መቆየት አልቻለም። ሰርቨሩ በሥራ መሐል ተቋረጠ። ተደውሎልኝ በሚኒባስ ስደርስ መብራት ተመልሷል፣ ሰርቨሩም ተነስቷል፤ ግን ሁለቱን ዲስኮች እያመሳከረ፣ ዳታቤዙም ራሱን እየጠገነ ስለነበር ማንም ሊገባበት አልቻለም። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሲስተሙ ተከፍቶ ሥራ የተጀመረው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ያን ጊዜ አንዲት እናት ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ቀረቡ። ጠዋት ጤፍ ሸጠው ሦስት ሺህ ብር አስገብተዋል፤ ደብተሩ ላይ በእጅ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ከዚያ ላይ ለማዳበሪያ ሊያወጡ ሲጠይቁ ሲስተሙ ሦስት ሺውን አያውቀውም። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ፊቷ ቀላ፤ በእጇ መጻፏን፣ አስገብታም «ተመዝግቧል» የሚለውን ማየቷን ታስታውሳለች። እናትየው አልጮሁም። «ሲስተሙ አላየውም ማለት ምን ማለት ነው ልጄ? እኔ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፣ አንቺም ቆጥረሽ ተቀብለሻል» አሉ፤ ደብተሩን መስኮቱ ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሱ።

እስከ ምሽት ድረስ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከዳታቤዙ ጋር አመሳከርን። የጠፉት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም መብራት ከመሄዱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቅጽበቶች የገቡ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሃርድ ዲስኩ ራሱ ውስጥ ትንሽ ጊዜያዊ ማስቀመጫ አለው። ሥራ ለማፋጠን መረጃውን መጀመሪያ እዚያ ተቀብሎ «ጽፌአለሁ» ይላል፣ ወደ ዋናው ዲስክ የሚያወርደው ግን ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል መብራት ከሄደ ቃሉ ብቻ ይቀራል። ማኅበሩ ለእናትየውም ለሌሎቹም በደብተራቸው መሠረት ከፈለ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ደብተር በእጅ መጻፍ ኋላ ቀር ነው ይቅር ይባል የነበረው ክርክርም በዚያው ቀን ሞተ።

የካቲት ላይ አጀንዳው ሲያዝ እንግዲህ ሁሉም ሰው ሰኔን እያሰበ ነው የተቀመጠው። ሒሳብ ሹሟ ኤስኤስዲ ከተገዛ ሰኔ አይደገምም ብላ ታምናለች፤ የሚሰበርና የሚዞር ነገር የለውማ። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ኤስኤስዲ ሲጻፍበት እያለቀ እንደሚሄድ ከአንድ ዘመዳቸው ሰምተዋል። «የሚያልቅ ዕቃ ላይ የሰው ገንዘብ አናስቀምጥም» አሉ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉንም አዳምጠው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ልጅ፣ ማን እውነት እንደሚል አሳየን እንጂ አትንገረን» አሉኝ።

በመጀመሪያ ያልቃል የተባለውን አሳየኋቸው። ነጭ ወረቀት ላይ አብረን ነው ያሰላነው። ለሰርቨር የሚሠሩ 480 ጊጋባይት የሚይዙ ኤስኤስዲዎች በተለምዶ ለአምስት ዓመት በየቀኑ አንድ ሙሉ ዲስክ ያህል ቢጻፍባቸው እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ። 480ን በ365 ቀን፣ ከዚያም በአምስት ዓመት ሲያባዙት 876 ቴራባይት ይመጣል። የማኅበሩ ሰርቨር ሥራ በሚበዛበት ቀን እንኳ የሚጽፈው ከ15 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ለክቼዋለሁ። 876 ቴራባይትን ለ15 ጊጋባይት ሲያካፍሉት 58,400 ቀን ነው፣ ማለትም 160 ዓመት። ሊቀመንበሩ ማካፈሉን ራሳቸው በእጃቸው ደግመው ሠሩና ወረቀቱን ለቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ አቀበሉ። ዲስኩ 160 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት በሌላ ነገር ይሞታል። ግን በመጻፍ ብዛት አያልቅም። ሰው ሁሉ ስለ ኤስኤስዲ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈራው ይህን ነው፤ የአንድ ወረዳ ማኅበር ሰርቨር ደግሞ መጨረሻ ሊፈራው የሚገባው ይህን ነው።

የመብራቱ ነገር በወረቀት አይሆንም። ኤስኤስዲ መረጃው የት የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዝርዝር በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ ያ ዝርዝር በሥራ ላይ እያለ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ አሁን የገባው መረጃ ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩም ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ከዓመት በፊት የተጻፈውም አብሮ ሊጠፋ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ከአምስት አምራቾች የተገዙ 15 ኤስኤስዲዎችን ኃይል እየቆረጠ ፈትኖ 13ቱ ላይ ጉድለት አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ተሻሽሏል፤ ችግሩ ግን በርካሾቹ ላይ ዛሬም አለ። ለሰርቨር የሚሠሩት ውድ የሆኑበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳቸው ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ካፓሲተሮች አሏቸው፣ ኃይል ሲቋረጥ በእጅ ያለውን ሁሉ ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። የሞተ አንድ የሰርቨር ኤስኤስዲ ሽፋኑን ፈትቼ ይዤ ሄድኩና ካፓሲተሮቹን በጣታቸው እንዲነኩ አደረግሁ። ከጎኑ ሽፋኑ የተፈታ ተራ ኤስኤስዲ አስቀመጥኩ፤ ያ ቦታ ባዶ ነው።

ከዚያ ሙከራው ተሠራ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና በኔትወርክ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ዴስክቶፑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ቀላል ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ተከታታይ ቁጥር ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ዲስኩ «ጽፌአለሁ፣ አይጠፋም» ብሎ ባረጋገጠ ቁጥር ያንን ቁጥር ወደ ላፕቶፑ ይልካል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ዲስኩ ቃል የገባበት የመጨረሻው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ያሰርኩት ከገበያ የተገዛውን ርካሽ ኤስኤስዲ ነበር። ቁጥሩ መሮጥ ሲጀምር ሊቀመንበሩን «ጋሼ፣ ደስ ባለዎት ሰዓት ሶኬቱን ይንቀሉት» አልኳቸው።

ተነሱ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ አዩትና ነቀሉት።

ዴስክቶፑን እንደገና አስነስተን ዲስኩ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቁጥር ፈለግን። ላፕቶፑ ላይ ከተመዘገበው በሃምሳ ያህል ያንሳል። ዲስኩ ሃምሳ ጊዜ «ጽፌአለሁ» ብሎ አልጻፈም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም። ገንዘብ ያዡ፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው፣ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው ዲስኩን አዩና «አደራ በላ ነው በለኛ» አሉ።

ሌላ ርካሽ ኤስኤስዲ አስረን ሞከርን፤ እሱ ተርፎ ተገኘ፣ ቁጥሩም ልክ ነበር። ሒሳብ ሹሟ «ታዲያ ይሄኛው ይበቃናል» አለች። አይበቃም አልኳት። ተርፎ መገኘቱ ሁልጊዜ ይተርፋል ማለት አይደለም፤ አምራቹም በዚህ ላይ ምንም ቃል አልገባም። ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ያመጣሁትን ካፓሲተር ያለውን የሰርቨር ኤስኤስዲ ስናስር ግን ሊቀመንበሩ ደጋግመው ነቀሉት። ቀስ ብለውም ነቀሉ፣ በድንገትም ነቀሉ፤ አንድ ቁጥር አልጎደለም። በመጨረሻ የድሮውን ዓይነት ሃርድ ዲስክ አሰርኩ። ጊዜያዊ ማስቀመጫው ክፍት ሆኖ ሲሠራ እሱም ቁጥር አጎደለ። የሰኔው ነገር እዚያው ዓይናቸው ፊት ተደገመ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ መሆኑ ቀረ። የትኛው ዕቃ ነው መብራት ሲሄድ ቃሉን የሚጠብቀው ሆነ።

በዚያው ስብሰባ ላይ የማያስደስት ነገርም መናገር ነበረብኝ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲውን ተዉትና የዩፒኤሱን ባትሪ ቀይሩ አልኩ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በሥርዓት የሚያጠፋ ዩፒኤስ ሳይኖር የሚገዛ ዲስክ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ግማሽ ሥራ ነው። ባትሪው ጸደቀ፤ ከዲስኩም በፊት ተገዛ።

ሊቀመንበሩ ጠያቂ ሰው ናቸው። የደጋው አየር ዲስክ ይጎዳ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥያቄው ከቁም ነገር የሚገባ ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ ከሚዞረው ሳህን በላይ ተንሳፍፎ የሚቆመው በስስ የአየር ንጣፍ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ለዚህ ነው አምራቾች አብዛኞቹን እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ብቻ እንዲሠሩ የሚወስኑት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት፣ የጁቤም ከዚያ ዝቅ ስለምትል ችግር የለም፤ ጮቄ ተራራ አናት ላይ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል። ስለ ዕቃው ታሪክም ጠየቁ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ዲስክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው፣ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት አምስት ሚሊዮን ፊደል ነው። ኤስኤስዲ የሚሠራበትን የፍላሽ ቺፕ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የቶሺባ መሐንዲስ የነበረው ጃፓናዊ ፉጂዮ ማሱዎካ ነው። ይህን ስነግራቸው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፣ ለልጅ ልጆቻቸው ሊነግሩት።

ሁለት ዲስኮችን በአንድ ላይ ስለመግዛት የተነሳውን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኅዳር ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የሰርቨር አምራች አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ እንደሚሞቱ ለደንበኞቹ አስታወቀ። ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከስምንት ሰዓት ማለት ነው። ስህተቱ የዲስኩ ውስጣዊ ፕሮግራም ሰዓት የሚቆጥርበት ላይ ነበር፤ ማስተካከያው በጊዜ ካልተጫነ ዲስኩም በውስጡ ያለው መረጃም አይመለስም። በቀጣዩ ዓመት በሌሎች ላይ በ40,000 ሰዓት የሚመጣ ተመሳሳይ ስህተት ተገኘ። አሁን ሬይድ 1ን አስቡት። ሁለት ዲስኮች በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን ከተጫኑ ሰዓታቸው እኩል ነው፤ አንዱ የሚሞትበት ሰዓት ሌላውም የሚሞትበት ነው። ይህን ስናገር ገንዘብ ያዡ ቀድመውኝ ደረሱበት። «ሁለቱን በሬ ከአንድ በረት ገዝተህ በሽታው ከገባ ጥማዱ አብሮ ይሄዳል፤ ከሁለት በረት ግዛ» አሉ። እንደዚያው ተወሰነ። ሁለቱ ዲስኮች ከተለያዩ አምራቾች እንዲሆኑ፣ ሁለተኛውም የሚጫነው ወራት ዘግይቶ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

ግዥው ግን ከውሳኔው የከበደ ነበር። የግዥ ኮሚቴው እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ሦስቱም ላይ የተጻፈው «ኤስኤስዲ 480 ጂቢ» ብቻ ነው። ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። በደንቡ መሠረት ዝቅተኛውን መውሰድ ግዴታ ነበር፤ ዝቅተኛው ደግሞ ያ አደራ በላው ዓይነት ነው። ኮሚቴውን መውቀስ አይቻልም፣ የቀረበለት ወረቀት ላይ ልዩነቱ አልተጻፈማ። መስፈርቱን እንደገና አዘጋጀን። ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ መከላከያ ያለው፣ በአምራቹ ሰነድ የተረጋገጠ፣ ከተወሰነ ቴራባይት ያላነሰ መጻፍ የሚችል፣ የአምስት ዓመት ዋስትና ያለው፣ የሠራበት ሰዓት ከዜሮ የሚጀምር ብለን ጻፍን። የመጨረሻዋን ነጥብ ያስገባኋት አዲስ አበባ መርካቶ ያየሁትን ስለማውቅ ነው። ማሸጊያው አዲስ ሆኖ ዲስኩ ሲታሰር ከሃያ ሺህ ሰዓት በላይ የሠራ ሆኖ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም ዕቃው ሲመጣ ኮሚቴው ፊት ሰዓቱን አንብበን ነው የተረከብነው። ከመጡት አንዱ አገልግሎ የመጣ ሆኖ ተገኘና መለስነው፤ ሻጩ ብዙ ሳያንገራግር ቀየረው። የተጻፈ መስፈርት ባይኖር ኖሮ መመለስ አይቻልም ነበር።

ለመጠባበቂያ ቅጂ ግን ኤስኤስዲ አልገዛንም። ሒሳብ ሹሟ ሁሉም ነገር ኤስኤስዲ ይሁን ብትልም ለባክአፕ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገዛን። አንደኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ኤስኤስዲ ያለ ኃይል ሳጥን ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ አለመሠራቱ ነው፤ ለሰርቨር የሚሆነው ዓይነት ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ በ40 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል መረጃውን እንዲጠብቅ የሚጠበቅበት ሦስት ወር ብቻ ነው። በየጁቤ አየር ከዚያ በጣም ይቆያል፤ ቢሆንም ለካዝና ዕቃ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። አንዱ ዲስክ ማኅበሩ ውስጥ፣ ሌላው ከከተማው ውጭ ይቀመጣል፣ በየሳምንቱም ይቀያየራሉ። ዳታው አዲስ አበባ ባለ ክላውድ ላይ ይቀመጥ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ኔትወርኩ ሲሠራ ተጨማሪ ቅጂ ይላክ፣ የዕለት ሥራው ግን እዚሁ ይሁን ተባለ።

የመጀመሪያው ዲስክ ግንቦት 2015 ላይ ተጫነ። የወሩ መጨረሻ ወለድ ሲሰላ ሒሳብ ሹሟ ተጫነችው፣ ቡና ልትጠጣ ልትነሳ ስትል፣ ወንበሯን ሳትለቅ አለቀ። በእውነቱ እኔም ደስ አለኝ። ሰልፉ ፀሐይ ላይ መቆሙ ቀረ። ግን ያን ቀን የበለጠ ያረካኝ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፍቶ፣ ጄነሬተሩ ሲነሳ ሥራው አንድ ደረሰኝ ሳይጎድል መቀጠሉ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ክላውድ ላይ የዕለት ሥራውን ያስቀመጠ ማኅበር ቢኖር ኖሮ በዚያ ወቅት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የጁቤው ሰርቨር ግን ከካዝናው አጠገብ ነበር። መንገድም ይዘጋ ስለነበር እኔ እንደ ልቤ መመላለስ አልቻልኩም።

በዚያ መሐል ነው፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ከሁለቱ ኤስኤስዲዎች አንዱ የሞተው። ኤስኤስዲ ሲሞት እንደ ሃርድ ዲስክ አስቀድሞ አይንኳኳም፣ አያቃስትም፤ ጠዋት ላይ የለም። ሰርቨሩ በሌላው ዲስክ ሥራውን ቀጠለ። ኮሚቴው በግዥው ጊዜ አንድ መለዋወጫ ጨምሮ ገዝቶ ካዝና ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ስልክ በሚሠራበት ሰዓት ሒሳብ ሹሟ ደወለችልኝ፤ ፊት ለፊት የበራችውን ቀይ መብራት፣ የዲስኩን ቦታ ቁጥር፣ በላዩ ላይ የተለጠፈውን መለያ አነበበችልኝ። ጤነኛውን ከበሽተኛው እንዳታሳስት ሁለት ጊዜ አስነበብኳት፤ እዚህ ላይ ከተሳሳቱ መመለሻ የለም። ከዚያ የሞተውን ስባ አወጣች፣ አዲሱን ገፍታ አስገባች። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመሳሰሉ፤ ገንዘብ ከፋዮቹ መስኮታቸውን አልዘጉም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነ፣ የዲስክ ዋጋም አብሮ ወጣ። ሒሳብ ሹሟ ለአዲሱ ዓመት በጀት ሌላ መለዋወጫ ኤስኤስዲና የዩፒኤስ ባትሪ አስያዘች፤ የጠየቀችው ገንዘብ ካምናው እጥፍ ገደማ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ መስፈርቱን ጠየቁ፣ የኃይል መቋረጥ መከላከያ የሚለውን መስመር ፈልገው አገኙና ፈረሙ።